ሚዛኑ የሚነግረን ቁርስ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነርሶች እርስ በርሳችን የምንባባለውን ልንገራችሁ። ታካሚው ከለገዳዲ በጠዋት ታክሲ ተሳፍሮ መጥቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ሰሞኑን ምን ሲበላ እንደከረመ ግማሹን እናውቀዋለን። ካለፈው እጥበት ወዲህ የጨመረው ኪሎ ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው፤ አንድ ኪሎ፣ አንድ ሊትር። ውሃውን ያስጠጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ነው። ቤቱ አዲስ አበባን ከሚያጠጣው ግድብ አጠገብ ነው፤ ማሽኑ በአራት ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጅለታል፤ ለእሱ ግን የሚፈቀድለት በቀን በሚሸናው ልክና ከዚያ በላይ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ ጨዋማ ቁርስ ሲጨመር ጥሙ አያስቆመውም።

ለዚህ ነው «ውሃ ቀንስ» ከማለታችን በፊት ስለ ቁርሱ የምንጠይቀው። ቤት ውስጥ ያለ ጨው የተቀቀለ ቂንጬ፣ ጥቂት ቅቤ ጠብ ተደርጎበት፣ እኔ ከብዙ የካርቶን ቁርስ አስበልጠዋለሁ። ኮርንፍሌክስ ጣፋጭ ስለሆነ ጨው ያለበት አይመስልም፤ ካርቶኑ ላይ ግን «ሶዲየም» ተብሎ ተጽፏል። ለኩላሊት ታማሚ የሚመከረው የቀኑ ምግብ በሙሉ ተደምሮ ከ2 ግራም ሶዲየም እንዳያልፍ ነው፤ ያ ማለት 5 ግራም ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ።

እዚያው ካርቶን ላይ የልጅ ልጃችሁ የተቀላቀሉትን ነገሮች ዝርዝር ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። «ፎስፌት» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዕቃውን መልሱት። እህሉ ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ፎስፈረስ ሰውነት የሚወስደው ከፊሉን ነው፤ ፋብሪካ የጨመረው ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል ደም ውስጥ ይገባል። ሲጠራቀም ቆዳ ያሳክካል፣ አጥንት ያደክማል።

«ልጄ፣ አጃ ለጤና ነው ብለውኝ በወተት አፍልቼ ሙዝ ጨምሬበት እበላለሁ» የሚሉ እናቶች አሉ። ፖታሲየማቸው ከፍ ያለ ከሆነ የምንደነግጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙዝ 400፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 350 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። ፖታሲየም ሲበዛ ምንም ሳያሳምም የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። «እማማ፣ አጃው በውሃ ይሁን፣ ሙዙ ይቅር» እንላቸዋለን። ሶዲየሙ የተቀነሰ እየተባለ የሚሸጠው ጨውም ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ነው የተተካበት፤ ሐኪም ሳይጠየቅ አይነካም።

አንጀቴን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ወረፋ ሲጠብቁ ከሰሙት ምክር ተነስተው ሁሉን ትተው የሚከሱ አሉ። በሽታው ገና ጅማሬው ላይ የሆነና ፖታሲየሙ ደህና የሆነ ሰው ሙዝ መፍራት የለበትም። እጥበት ላይ ያለ ደግሞ ማሽኑ ፕሮቲንም ስለሚወስድበት ቁርሱ ላይ እንቁላል ቢያክል ደስ ይለናል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርቶኑን በፌስታል፣ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ወረቀት በኪስ ይዛችሁ ኑ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እናያቸዋለን።