ወተት በጉንጬ ስለሚባለው ማሽላና ስለ ፕሮቲን ምርመራ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ከቦሌ እስከ ጉርድ ሾላና እስከ የካ ባለው ሰፈር፣ የአገሪቱን እርሻ የሚመረምሩና ዘሯን የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ተቀራርበው ይገኛሉ። ከሚጠበቀው ዘር አንዱ ማሽላ ነው፤ ከማሽላውም ወገን የወሎ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» ብሎ የሰየመው ዓይነት ታሪኩ ሊነገር የሚገባው ነው።

ይህ ማሽላ ሲደርቅ ፍሬው ስለሚጨማደድ ለዓይን አያምርም፤ ምርቱም ከሌላው ያነሰ ነው። እሸቱ ተጠብሶ ሲበላ ግን ጣዕሙ እጅግ ደስ ያሰኛልና ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ሲዘራው ኖሯል። ስሙን ያወጣለት ምላስ ነው እንጂ ሚዛን አልነበረም።

ሚዛኑ ኋላ መጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ራመሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር ሲመረምሩ፣ ላይሲን የበዛባቸው ሁለት ዘሮች አገኙ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ። በተለመደው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ላይሲኑ 2 ግራም ያህል ሲሆን በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ቅንጣቶች እንደ መቍጠሪያ ፍሬ ተሰክተው የሚሠሩት ክር ነው፤ ክሩም ተጠቅልሎ የራሱን መልክ ሲይዝ ሥራውን ይሠራል። ከቅንጣቶቹ አንዱ ላይሲን ነው፤ የሰው ገላ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ሥጋና ወተት ለሚያገኝ ሰው ችግር የለም፤ ችግሩ ማሽላ ብቻ ለሚበላ ሕፃን ነው። በማሽላ ፍሬ የሚከማቸው ዋነኛው ፕሮቲን ካፊሪን ይባላል፤ ላይሲን የለበትም ለማለት ይቻላል። በወሎው ማሽላ ካፊሪኑ ስለሚያንስ ላይሲን ያላቸው የሌሎቹ ፕሮቲኖች ድርሻ ከፍ ይላል፤ ፍሬው ግን ጥንካሬውን ያጣል።

በበቆሎም እንዲሁ ያለ እንቅፋት ነበረ። ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጀሊና ቪዬጋስ በሜክሲኮ ብዙ ዘመን ደክመው ላይሲን የበዛበትን በቆሎ ጠንካራ ፍሬ እንዲኖረው ስላደረጉ በ2000 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ሽልማት ተቀበሉ፤ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ከዚያ ወገን ለአገሩ አየር የሚስማማውን መርጠው ለገበሬው አውጥተዋል። ማሽላው ይህን ያህል ዕድል አልገጠመውም።

በ2024 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ለዴቪድ ቤከር፣ በተፈጥሮ የሌለ አዲስ ፕሮቲን ስለ ነደፈ፤ ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ደግሞ፣ የክሩን ተራ አይቶ መልኩን የሚተነብይ የኮምፒዩተር ዘዴ ስላወጡ። ቀድሞ የአንዱን መልክ ለማወቅ ዓመታት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ማንም ተማሪ ያለ ዋጋ በኮምፒዩተር ሊመለከተው ይችላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የተማረው ተፈጥሮ ከሠራቻቸው ፕሮቲኖች ነው። ዘር ሲጠፋ ከሚነበበው መጽሐፍ አንድ ቅጠል እንደ ተቀደደ ይቈጠራል።

ይህን አስቀድመው ካሰቡት አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። በ1976 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመውን የዘር ማዕከል ሲመሩ፣ ዘር በቀዝቃዛ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ላይ እንዲጠበቅ ደከሙ፤ በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸለሙ። በቀዝቃዛው ቤት የተኛውም ዘር የመብቀል ኃይሉ ሲደክም እንደ ገና ተዘርቶ መታደስ ያሻዋል፤ ወተት በጉንጬን ከሌላው የሚለየው ደግሞ እሸቱን ቀምሶ ያደገው የወሎ ገበሬ ነው።