«እንዴት ብዬ ልንገራቸው?»

የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን በተግባቦት ክህሎት ሳሠለጥን ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «እንዴት ብዬ ልንገረው?» የሚል ነው። በአለቃው የተቀየመም፣ የበታቹን መገሠጽ የከበደውም፣ ያበደረውን መጠየቅ ያፈረውም ዞሮ ዞሮ እዚያው ይደርሳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጥያቄው መልሱን ይዞ መምጣት ጀምሯል። ሠልጣኙ ስልኩን ያወጣና «ኤአይ እንዲህ በል ብሎኛል፤ ያስኬዳል?» ይለኛል።

አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ሸጋ ነው። ስድብም፣ ኩርፊያም፣ ሽሙጥም የለበትም። የሚጎድለው በአፍ የሚነገር መሆኑ ነው።

አንዲት የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ያመጣችውን ላንሣ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። ከሥሯ የሚሠሩ፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑ አንጋፋ ካሸር አሉ። ጀማሪ ሳለች ብር አቆጣጠር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሰሞኑን ያረፍዳሉ። ስልኳ ላይ ያለው ረቂቅ «በሰዓቱ ሳትገኝ ስትቀር ጫና ይሰማኛል፤ ምክንያቱም ለቡድናችን አስተማማኝነት ትልቅ ዋጋ እሰጣለሁ» ይላል። ጮክ ብላ አንብባው ራሷ ሳቀች። እሳቸውን አንተ ብላ አታውቅም፤ ስሜቷን አስቀድማ ወደ ጉዳዩ መግባትም ልማዷ አይደለም። ይህ «እኔ» ብሎ የመጀመር ስልት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶማስ ጎርደን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው ነው፤ በአገሩ ብዙ ቤት አስታርቋል። እኛ ዘንድ ግን ታላቁን የሚናገር ሰው ውለታ ያነሣል፣ ስለ ድፍረቱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው።

ስለዚህ ትእዛዙን ቀየርነው። «ምን ልበላቸው?» ማለቷን ትታ «አንተ እሳቸውን ሁን፤ እኔ ልናገር» አለችው። ዕድሜያቸውን፣ ኩራታቸውን፣ በመካከላቸው ያለውን ውለታ ጻፈችለት። ከዚያም «ጋሼ፣ ዛሬም የምሠራው እርስዎ ያስተማሩኝን ነው፤ ደፈረችኝ አይበሉኝና አንድ ነገር ላንሣ» ብላ ጀመረች። ማሽኑ ወዲያው «ልክ ነሽ ልጄ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከነገ ጀምሮ አስተካክላለሁ» አለ። እንዲህ ቶሎ የሚረታ አንጋፋ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። «እሺ አትበል፤ ተቀየም» የሚል ተጨመረበት። በሚቀጥለው ዙር «ብር መቁጠር ያስተማርኩሽ እኔ፤ ዛሬ ሰዓት መቁጠር ልታስተምሪኝ ነው?» ሲል ሥራ አስኪያጇ ዝም አለች። ልምምዱ የተጀመረው ያኔ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ድምፅ ሳይጨምሩ፣ ነገሩንም ሳይተዉ መቆየት በመጽሐፍ የሚገኝ ሙያ አይደለም።

ማሽኑ እሺ ባይ የሆነው ከአሠለጣጠኑ ነው። እነዚህ ሞዴሎች ሲሠለጥኑ ሰው የወደደው መልስ እየተመረጠ ይበረታታል፤ ሰው ደግሞ የሚወደው የሚያደንቀውን ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ለቻትጂፒቲ ያወጣው አንድ ማሻሻያ ተጠቃሚውን ማሞካሸት ከልክ በላይ ስላበዛ በቀናት ውስጥ መልሶ አንሥቶታል።

የእኛም ድክመት አለበት። ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ከኤምአይቲ ያስተዋወቀው ኤላይዛ የተባለው ፕሮግራም የሰውን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ ከመመለስ ብዙም አያልፍም ነበር። ሆኖም ሲሠራ በዓይኗ ያየችው የገዛ ጸሐፊው፣ ጥቂት እንዳወራችው ዋይዘንባምን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። የሚያዳምጠን ሲመስለን ሆዳችንን እንዘረግፋለን። የሚዘረገፈው ግን የአንድ ወገን ነገር ነው። ሽማግሌ ሊያስታርቅ ሲቀመጥ ሁለቱንም ፊት ለፊት አድርጎ ይሰማል እንጂ ቀድሞ ቤቱ በመጣው ቃል አይፈርድም። «አለቃዬ ይንቀኛል» ብለን ለስልካችን ስንጽፍ ያለው ማስረጃ የኛ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ሠልጣኞቼን ተለማመዱበት፣ ፍርድ ግን አትጠይቁት እላለሁ።

ሥራ አስኪያጇ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከልምምዱ የጠቀማት የተመረጠው ቃል ሳይሆን ሰውየው ሲቆጡ አለመደንገጧ ነው። ቁጣቸው በረድ ሲል «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ገጥሞዎት ነው?» አለቻቸው። ለካ ቤታቸው በልማት ተነሥቶ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ በሌሊት ወጥተውም የታክሲው ሰልፍ ያስቀራቸዋል። ይህን ማሽኑ በየትኛውም ዙር አላነሣውም፤ ከየት ያውቀዋል? የጠዋቱን ሥራ ለሌላ ሰጥታ እሳቸውን የማታው ሒሳብ መዝጊያ ላይ አደረገቻቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ በየልምምዱ ውስጥ ለሌላው ሰው የሚቀርብ አንድ የምር ጥያቄ እንዲኖር አደርጋለሁ።

ማሽኑ ለንግግር ልምምድ ብቻ ሳይሆን ልማድ ለመለወጥም ይጠየቃል። «ትዕግሥተኛ ልሁን፤ እርዳኝ» ብትሉት ረጅም ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ ማለዳ መነሣት፣ በጥልቀት መተንፈስ፣ የዕለት ማስታወሻ መያዝ። ከዝርዝሩ ይልቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበልጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልቪትሰር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ድርጊቱን አስቀድሞ ያቆራኘ ሰው ግቡን ብቻ ካሰበው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ኤአይ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ «ምክር አትስጠኝ፤ ግልጽ እስኪሆንልኝ ጠይቀኝ» ካሉት ሳይሰለች ይጠይቃል። ሰው ሲያወራ አላስጨርስ የሚል አንድ ሠልጣኝ በዚህ መንገድ «ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው እየተናገረ ሐሳብ ሲመጣልኝ ወረቀቴ ላይ አንድ ቃል ጽፌ እጠብቃለሁ» የሚል ላይ ደረሰ። በቃ፣ ዕቅዱ ይኸው ነው።

«በ21 ቀን ልማድ ይያዛል» የሚል ዕቅድ ከሰጣችሁ ግን አትመኑት። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ተግባር ያለ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን ድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሂደቱን አላበላሸውም። ስለዚህ በሃያ ሁለተኛው ቀን «እኔ አልሆንኩም» ብሎ መተው አያስፈልግም።

ስልኩ ምስክር መሆን እንደማይችልም ማወቅ ደግ ነው። «ዛሬ ማንንም አላቋረጥኩም» ካልነው ያመሰግነናል። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ አመላችን ሲያስቸግር የከረመው ሰው ነውና መሻሻላችንን የሚመሰክረውም ያው ሰው ነው። ያ ሰው አላስጨርስ የሚለው ሠልጣኝ አብሮት ስብሰባ የሚገባ ባልደረባውን ስንቴ እንዳቋረጠ እንዲቆጥርለት ለምኖታል። ይህ ልመና ራሱ ግማሽ ይቅርታ ነው።

የሌላን ሰው ስም፣ ሕመምና ደመወዝ ግን ማሽኑ ውስጥ አታስገቡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ብዙ መሥሪያ ቤቶች ገና አልተለማመዱትም፤ «አንድ አንጋፋ ሠራተኛ» ማለት ለልምምድ ይበቃል። ጉዳዩ ዱላ ወይም ራስን መጥላት ከሆነ ደግሞ ከስልክ ጋር መነጋገር ቀርቶ ቶሎ ወደ ሰው፣ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው።

አሁን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልምምዱ የሚሰጠው እፎይታ ነው። አንዳንዱ ከማሽኑ ጋር ተናግሮ ይወጣለትና ሰውየውን ሳያነጋግር ይቀራል፤ በሳምንቱ ያንኑ ጉዳይ አሳምሮ ይዞ ይመጣል። ቃሉ እየተሻሻለ ኩርፊያው እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ በእኔ ክፍል ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ከሰውየው ጋር የሚገናኝበትን ቀንና ሰዓት ያልቆረጠ ሠልጣኝ ልምምድ አይጀምርም።