ያውቁ ኖሯል? ጓሮዎ ውስጥ የተቆለፈው ፖታሽየም

ፖታሽየም በኬሚስቶች ዘንድ «ኬ» የሚባለው «ካሊየም» ከሚለው ስሙ ነው። የቃሉ ምንጭ ዓረብኛ ሲሆን መነሻው የተክል አመድ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው።

አፈር ውስጥ ካለው ፖታሽየም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በድንጋይ ማዕድን ውስጥ የታሰረ ነው። ሥር ወዲያው የሚያገኘው ከ1 እስከ 2 በመቶውን ብቻ ነው። እህል በሞላ ጎተራ አጠገብ መራብ በሉት።

ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል በቀላሉ ታጥቦ ይሄዳል። ፖታሽየም ግን ፖዘቲቭ ሙል ስላለው ኔጌቲቭ ሙል ያለው ሸክላ ይዞ ያስቀረዋል። መረሬ መሬት ላይ የዘንድሮው ለከርሞ ይተርፋል፤ አሸዋማ ላይ ግን በአንዴ ከመበተን ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። አንዳንዱ ሸክላ ደግሞ በንብርብሮቹ መሃል ሸጉጦት ቀስ እያለ ይለቀዋል።

የማዳበሪያ ከረጢት ላይ 0-0-60 ቢጻፍ 60ው የፖታሽየም ኦክሳይድ ስሌት ነው። ኦክሳይዱ ራሱ ከረጢቱ ውስጥ የለም፤ ንጹሑ ፖታሽየም 50 በመቶ ገደማ ነው። ግራ የሚያጋባ አጻጻፍ ነው፣ ግን ዓለም ለምዶታል።

ድንችዎ ሲራብ መጀመሪያ የሚያስታውቀው የታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ነው። ጠርዙ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ይኮማተራል፤ መሃሉ ግን አረንጓዴ ነው። ተክሉ ካረጀው እየወሰደ ለለጋው ስለሚሰጥ ነው። ብዙዎች በሽታ መስሏቸው መድኃኒት ይረጫሉ።

ፖታሽየም የተክሉ ሥጋ አይሆንም፤ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል። ስለዚህ ገለባ ገና ሳይበሰብስ ፖታሽየሙን ዝናብ ያጥበዋል። ካልተሸፈነ የኮምፖስት ክምር ሥር የሚፈሰው ቡናማ ውሃ ይዞት የሚሄደው አንዱ ነገር እሱ ነው።

ዳሎል አካባቢ ከመቶ ዓመት በፊት ጣልያኖች ፖታሽ የሚባለውን የፖታሽየም ጨው ያወጡ ነበር፤ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻም በባቡር ያጓጉዙት ነበር። የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ነበር።

እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድ እርጥብ ሲሆን ጣት ላይ የሚያሟልጨው በውስጡ ባለው የፖታሽየም ካርቦኔት ነው። አሲዳማ አፈር ላይ በስሱ ቢነሰነስ ይጠቅማል። ከዩሪያ ጋር ግን አይቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑ ተኖ ይጠፋል። ደጅ ላይ ዝናብ ከመታው ደግሞ ጥቅሙ ያኔውኑ ታጥቦ ስለሚሄድ፣ ከምድጃው ሲያወጡት ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት።