የመሥሪያ ቤት ሩጫና የበጎ አድራጎቱ ሒሳብ



ኅዳር በመጣ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዘንድሮ ትሮጣለህ ወይስ እንዳምናው ትቀራለህ?» የሚል ነው። እኔ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ሳገለግል 19 ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ሯጭ አይደለሁም፤ ጉልበቴም ከእንግዲህ አይፈቅድልኝም። ነገር ግን ስለ ሩጫው የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በእጄ ስለሚያልፍ፣ ሯጮቹ ከእግራቸው የሚያውቁትን ያህል እኔም ከመዝገቡ የማውቀው ነገር አለ። ስለዚህ በጋዜጣዎ ላይ ጥቂት ቦታ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተባለው የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር የተጀመረው በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መሥራቹ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈውም እርሱ ራሱ ነበር። በዚያን ጊዜ የተሰለፈው ሕዝብ 10,000 ያህል ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግን ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ደርሷል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጨመረ። ለእኛ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ሠራተኞች ነገሩ የደጃችን ነው፤ ሩጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣበት መስቀል አደባባይ ከቢሯችን ወጥተን፣ በኢሲኤ አጠገብ ቁልቁል ወርደን፣ እስጢፋኖስን አልፈን በእግራችን የምንደርስበት ነው። በዚያች እሑድ ጧት ከተማው አንድ ዓይነት ከናቴራ ይለብሳል። ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ሚኒስቴሩም፣ ኤምባሲውም ሠራተኛውን በቡድን ያሰልፋል። ውድድሩ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነው። በዚህ ላይ ምንም ነቀፋ የለኝም፤ የምጽፈው ስለ ሩጫው ሳይሆን በሩጫው ስም እኛ በየቢሯችን ስለምንሠራው ሥራ ነው።

የመሥሪያ ቤት የስፖርት ቡድን ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ፋሽን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ተሳስተዋል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ ማሞ ወልዴም እንዲሁ። ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። በኳስ በኩልም መብራት ኃይልን፣ ባንኮችንና የድሬዳዋውን ጥጥ ማኅበር የማያስታውስ የኔ ዕድሜ ሰው አይገኝም። እንዲያውም ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የቢሮ ሠራተኛ ስም ነው ማለት ይቻላል፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች «ኢንቺስ» በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ያሠሯቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበርና፣ የሰፈሩ ስም የወጣው ከዚያ ነው።

ከውጭ አገር ልንማረው የሚገባ ነገር ካለ ግን የገንዘቡ አሰባሰብ ነው። በእንግሊዝ አገር የሎንዶን ማራቶን ከተጀመረበት ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ ሯጮቹ ለበጎ አድራጎት የሰበሰቡት ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከባለጸጎች ብቻ የመጣ አይደለም። ሯጩ ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱና ለቢሮ ጓደኛው «እኔ ይህን ያህል መንገድ እሮጣለሁ፤ አንተ ደግሞ ለእገሌ ሆስፒታል ይህን ያህል ስጥ» እያለ ቃል ያስገባል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም የተወሰነ የሯጭ ቦታ አስቀድመው እየገዙ፣ ይህን ያህል ገንዘብ አሰባስባለሁ ብሎ ለሚፈርም ሰው ይሰጣሉ። እንግዲህ ላቡ የሯጩ፣ ገንዘቡ የወዳጆቹ፣ ተጠቃሚው ሦስተኛ ወገን ነው ማለት ነው። እድርና እቁብ ይዞ ላደገ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር።

በእኛ ዘንድስ እንዴት ነው? ሁለት ዓመት በተከታታይ መሥሪያ ቤታችን አንድ ቡድን አሰለፈ። በመጽሔታችን ሽፋን ላይም «ሠራተኞቻችን ለችግረኞች ሮጡ» ተብሎ ከፎቶግራፍ ጋር ወጣ። አንድ ቀን አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ ወደ ክፍሌ ገብታ «ጋሼ፣ ለችግረኞች የሮጥነው ገንዘብ ስንት ደርሷል?» አለችኝ። የጠየቀችበት ምክንያት ነበራት። ለ27 ዓመት ደብዳቤና ፋይል ሲያመላልሱልን ኖረው በጡረታ የተገለሉ አንድ አዛውንት ተላላኪ ኩላሊታቸው ታምሞ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ያስፈልጋቸዋል ተብለው ነበር። ቤታቸው ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ነበር። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ፤ ጎረቤቱም በየአቅጣጫው ስለሄደ እድራቸው እንደ ድሮው ሊደርስላቸው አልቻለም። ለሕክምና የሚመላለሱበት የመኪና ብር ብቻውን ጡረታቸውን ይበላዋል።

የሁለቱን ዓመት የወጪ ማዘዣ አወጣሁ። ለከናቴራና ለምዝገባ፤ ለአውቶቡስ ኪራይ፤ በጨርቅ ለተጻፈ ማስታወቂያ፤ ከሩጫው በኋላ ለተበላ ምሳ። ለችግረኛ የተሰጠ የሚል መስመር በአንዱም ላይ የለም። ሁሉም ከመሥሪያ ቤቱ በጀት የወጣ ነው እንጂ ከማናችንም ኪስ አምስት ሳንቲም አልወጣም። በየማዘዣው ግርጌ ያለው ፊርማ የኔ ስለሆነ ሌላ ሰው ለመውቀስ ድፍረት የለኝም። ልጅቱ ወረቀቱን አየችና «እንግዲያስ የሮጥነው ለምሳችን ነዋ!» ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ምን እናድርግ ተባለ። ኅዳር ሩቅ ነበር። አንዱ ወጣት ባልደረባችን ሊፍታችን ከተበላሸ ሰንብቷልና ደረጃውን ለምን አንሮጥበትም አለ። ሕንፃችን ከምድር ቤቱ በላይ 8 ፎቅ አለው። በመጀመሪያ ሳቅን፤ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ደረጃ ዕድገት ደብዳቤ ደረጃ ሲወጣ ታይቶ አያውቅም የሚል ቀልድም ተቀለደ። በመጨረሻ ግን ተስማማን። 11 ሰዎች በምሳ ሰዓት ለአምስት ቀን ከምድር እስከ 8ኛ ፎቅ እየተመላለሱ ይወጣሉ፤ የቀረነው ደግሞ በእያንዳንዱ መውጣት ከ2 ብር ጀምሮ እንደየአቅማችን ቃል እንገባለን። መዝገቡን እኔ እንድይዝ፣ ገንዘቡን ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ እድር ገንዘብ ያዥ እንድትቀበል ተወሰነ።

ኃላፊያችን ነገሩን ወደዱትና «ለምን አትቸገሩም፤ ከደመወዝ በአንድ ጊዜ ይቆረጥ» አሉ። በቅንነት እንዳሉት አውቃለሁ። ሆኖም በዚህ ነገር ላይ እኔ በበኩሌ ጸናሁ። ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮ ምን እንደሆነ ይህን የሚያነብ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሰውየው መስጠቱን የሚያውቀው የደመወዝ ወረቀቱን ሲያይ ነው፤ ሲያይም ደስ አይለውም። የሰጠ በእጁ ይስጥ፤ ያልፈለገም ስሙ አይጠራ ተብሎ ተዘጋ።

71 ሰዎች ቃል ገቡ፤ ድምሩ በአንድ መውጣት 268 ብር ሆነ። የደም ግፊት ያለባቸውንና ጉልበት የሚያማቸውን ከመውጣት ከልክለን፣ በየፎቁ ቆመው እንዲቆጥሩና ውኃ እንዲያቀብሉ አደረግን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና፣ ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ የት እንደሚገባ ይጠፋዋል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ ሲሮጡ አንዱ ስለወደቀ፣ ከዚያ ወዲያ መራመድ እንጂ መሮጥ ተከለከለ። ቡና የምታፈላልን እትዬ በራሷ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ወጣች፤ ከ11ዱ መካከል ስላልነበረች ይቆጠር አይቆጠር ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ ተቆጠረ።

በአምስት ቀን ውስጥ 147 ጊዜ ተወጣ። ሒሳቡ 39,396 ብር ነው። በሁለት የደመወዝ ቀን፣ ገሚሱ በእጅ ገሚሱ በቴሌብር፣ የተሰበሰበው 36,750 ብር ሲሆን፣ 2,646 ብር ከአራት ሰዎች ላይ ቀርቷል። ከአራቱ አንዱ በምረቃው ቀን ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበ ሰው ነው። ወጪያችን አንድ ደብተርና የውኃ መግዣ ብቻ ነበር፤ እርሱንም እኔና ገንዘብ ያዧ ከኪሳችን ሸፈንን።

ገንዘቡ ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ግን ሰው ተከፋፈለ። አንዳንዶቹ እንደ መቄዶንያ ላለ ብዙ አረጋውያንና ሕሙማን ለሚረዳ ድርጅት ይሰጥ አሉ፤ «የራሳችንን ሰው መርዳት ዝምድና እንጂ በጎ አድራጎት አይደለም» ብሎ የተከራከረም ነበር። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ድርጅቱ ኦዲት አለው፣ የሚረዳውም ብዙ ነው፤ እኛ ግን ለአንድ ሰው ሰጥተን ነገ ሌላው ቢታመም ምን እንላለን? እኔ የሰጠሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ ያ ሽማግሌ በመዝገባችን ላይ የሌለ ሰው ሳይሆን፣ ለችግረኞች ሮጥን ብለን በጻፍንበት ዓመት በደጃችን ታሞ ያላየነው ሰው ነው። በመጨረሻ ሁለቱ እጅ ለተላላኪያችን መመላለሻና መድኃኒት፣ ሲሦው ደግሞ ለአረጋውያን ድርጅት እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ሲሦው በዛ የሚሉ አሁንም አሉ፤ አነሰ የሚሉም እንዲሁ።

ገንዘቡን ይዘን ሦስት ሆነን ወደ ቤታቸው ሄድን። ሁለት ታክሲ ይዘን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። እንዴት እንደተሰበሰበ ልጅቱ ስትነግራቸው ሽማግሌው ብዙ ሳቁ። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ያንን ደረጃ 27 ዓመት ሙሉ ፋይል ተሸክሜ ስወጣ የቆጠረልኝ አልነበረም» አሉ። ቀጥለውም ሊፍቱ ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቁን። አልተሠራም አልናቸው።

ለመጪው ኅዳር ሩጫ የመሥሪያ ቤታችን ቡድን ከወዲሁ እየተመዘገበ ነው። ከናቴራውን እያንዳንዱ ሯጭ ከኪሱ እንዲገዛ፣ ከመነሻው በፊትም ቢያንስ የአምስት ሰው ቃል ኪዳን ያለበት ወረቀት ለሒሳብ ክፍል እንዲያስገባ ሐሳብ ቀርቧል። ግማሹ ሰው ይህን ሰምቶ ስሙን ሰርዟል፤ የቀሩት 17 ናቸው። በቂርቆስም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ ይህን የመሰለ ነገር ሞክረው ያልተከፈለውን ቃል እንዴት እንዳስከፈሉ የሚያውቁ ባልደረቦች ቢኖሩ፣ በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን እናመሰግናለን። የአራቱ ሰዎች ሒሳብ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ
ከካዛንቺስ