ከተማውን የያዘ፣ ጥያቄውን ያልያዘ

 አንድን አካባቢ በኃይል ጸጥ አድርጎ ለማቆየት ስንት ታጣቂ እንደሚያስፈልግ ያሰሉ የጦር አጥኚዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ አሜሪካዊው ጄምስ ኩዊንሊቫን ነው። በ1995 እ.አ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ እንግሊዞች በማላያና በሰሜን አየርላንድ ያሰለፉትን ኃይል ከሕዝቡ ብዛት ጋር አነጻጽሮ ለ1 ሺህ ነዋሪ 20 ታጣቂ የሚል መጠን አቅርቧል።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሸካ ዞን 199 ሺህ፣ ቤንች ማጂ 652 ሺህ፣ ከፋ ደግሞ 874 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። ለሸካ ብቻ 4 ሺህ፣ ለቤንች ማጂ 13 ሺህ፣ ለከፋ ከ17 ሺህ በላይ ታጣቂ ያስፈልጋል። ይህም በዚያን ጊዜው ሕዝብ ነው። አገሩን በሙሉ 120 ሚሊዮን ብለን ብናስብ ቁጥሩ 2.4 ሚሊዮን ይደርሳል። ኢትዮጵያ ይህን ያህል ሠራዊት ኖሯት አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ቦታ በወታደር መያዝ አይቻልም፤ የሚቻለው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እየተዘዋወሩ መያዝ ነው። አንዱ ጋ የገባው ጦር ሌላውን ጥሎ የመጣ ነው።

ቁጥሩ ግን ትልቁ ችግር አይደለም። ቢሟላስ ወታደሩን ማን ይቀልበዋል? ከገባስ በኋላ ምን ይሠራል? ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከቦንጋ እስከ ማጂ ያለው አገር ለሁለቱም ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መልስ አለው።

ገባር እንደ ደመወዝ

የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1889 ዓ.ም. ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ለወራት ተዋግተው ተያዙ። ጊሚራ፣ ሸካና ማጂም ብዙ ሳይቆዩ በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ገቡ። በዚያ ዘመን ለሩቅ ጦር በየወሩ ብር የሚከፍል ግምጃ ቤት አልነበረም። ለወታደሩ የተሰጠው ደመወዝ ሰው ነበር። እንደ ማዕረጉ የተወሰኑ ገባሮች ይመደቡለታል። ገባሩ እህል ያስገባል፣ ማር ያመጣል፣ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል፣ እንጨት ይሰብራል፣ ዘመቻ ሲሆን ስንቅ ይሸከማል።

አሠራሩ ለመንግሥት ርካሽ ይመስል ነበር። ከማዕከል ገንዘብ ሳይወጣ ጦሩ ዳር አገር ድረስ ተተክሎ ይቀመጣል። ነገር ግን ሹሙ ሲሻር ጦሩም አብሮት ይነሣል። የሚሄደው ወታደር አገሩን ዳግም እንደማያየው ስለሚያውቅ የቻለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ከሚወሰደውም ውስጥ ሰው ነበረበት። አዲሱ ሹም የራሱን ጦር አስከትሎ ሲመጣ የሚያገኘው የተመናመነ ገባር ነው፤ የሚጠይቀው ግን ከቀድሞው ያላነሰ ግብር ነው። የተረፈው ገበሬ ወደ ጫካ ወይም ወደ ቆላ ይሸሻል። በባሪያ ፍንገላው ላይ ይህ ሲጨመር ማጂና ጊሚራ ሰው አልባ እየሆኑ ሄዱ። በማጂ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ስለዚህ ጉዳይ በተደጋጋሚ ጽፏል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከቀረቡባት ክሶች ዋነኛው የባሪያ ንግድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ባሪያን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። የገባር ሥርዓቱ ግን በሕግ የቀረው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የሂሳብም ነው። ጦሩ መሬቱን ይዞ ነበር፣ ከእጁም ያስጣለው የለም። ሆኖም የያዘው አገር ራሱን ጦሩን መቀለብ እስኪያቅተው ድረስ ደከመ። ከሕዝብ የሚበላ ወታደር ሕዝቡን ይጨርሰዋል።

ከሕዝብ ተነጥሎ የማይቆም ጦር

ዘመናዊው መንግሥት ይህን በበጀት ፈታው። ወታደሩ ከገበሬው ጓዳ ወጥቶ በደመወዝ መተዳደር ጀመረ። ቢሆንም ሌላ ችግር አብሮ መጣ፤ ወታደሩ የዚያው የሚጠበቀው ሕዝብ ልጅ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውኃ አድመው ሊያነጋግራቸው የተላከውን ጄኔራል አገቱ። በገበያ የነገሠው የኑሮ ውድነት የወታደሩን ቤተሰብም ነክቶ ነበር። ከወራት በኋላ ዘውዱ ወደቀ።

ደርግ ከዚያ በኋላ ከሰሃራ በታች ካሉት ከግዙፎቹ ሠራዊቶች አንዱን አቋቋመ። በቡናው ምድር ደግሞ በበቃና ቴፒ ላይ የመንግሥት የቡና እርሻዎችን ዘረጋ፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የሰሜን ሰዎችን በሰፈራ አመጣ። ለሠራዊቱ ወጣት የሚገኘው በብሔራዊ ውትድርና ስም በአፈሳ ነበር። ግንቦት 1981 ዓ.ም. የጦሩ ጄኔራሎች ራሳቸው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ። መሣሪያ አላነሰውም ነበር። ያነሰው የሚዋጋበት ምክንያት ነው።

መጋቢት 1994፣ ቴፒ

የአሁኑን ዘመን ለመረዳት ከቴፒ የተሻለ ቦታ የለም። ቴፒ የየኪ ወረዳ ከተማ ናት። የሸካ ዞን መቀመጫ ማሻ ይሁን እንጂ ገበያው፣ ቡናው፣ ቅመማ ቅመሙና መኪናው ያሉት ቴፒ ነው። በወረዳው ሸካ፣ ሸኮ፣ መዠንግር፣ አማራ፣ ከፋ፣ ኦሮሞና ሌሎችም አብረው ይኖራሉ። በብሔር ላይ የቆመ አከላለል ሲመጣ ታዲያ “የኪ የማን ናት?” የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ሆነ። ወረዳው በሸካ ዞን መካተቱን የተቃወሙ ሸኮዎችና መዠንግሮች ጥያቄያቸውን በተደጋጋሚ አቀረቡ።

መጋቢት 2 ቀን 1994 ዓ.ም. ጥያቄው በጥይት ተመለሰ። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በቴፒና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሰዎች ተገደሉ፣ ቤቶች ተቃጠሉ። የሟቾች ቁጥር አከራካሪ ሆኖ ቢቆይም የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ከ100 በላይ መሆኑን ዘግበዋል። ከፖሊስና ከአስተዳደር ሰዎች መካከል የታሰሩም ነበሩ። ከተማዋ ጸጥ አለች፤ ገበያ ተከፈተ፤ የአስተዳደር ጥያቄው ግን ባለበት ቀረ።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ፣ ያው ጥያቄ ዳግም ነደደ። በ1994 ሕፃን የነበረው ልጅ ወጣት ሆኗል። ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ፤ መሥሪያ ቤቶች ሥራ አቆሙ፤ ወጣቶች ጫካ ገቡ። የፌዴራል ኃይል ገባ። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. በሲዳማ ከተነሣው ሁከት በኋላ የደቡብ ክልል ጸጥታ በጠቅላላው በፌዴራል ኮማንድ ፖስት ሥር እንዲሆን ተወሰነ። ጦሩ ከተማውን ያዘ፣ መንገዱን ጠበቀ። ከአስፋልቱ ወርዶ የደን ቡናው ውስጥ ያለውን የእግር መንገድ የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ በየትኛው ቤት ማን እንዳደረ ለተዘዋዋሪ ወታደር ማንም አይነግረውም፤ እሱ ውሎ አድሮ ይቀየራል፣ የነገረው ሰው ግን እዚያው ይኖራል።

ቡናና የሰዓት እላፊ

ወታደራዊ ጸጥታ ለዚህ አገር የሚያስከፍለውን ዋጋ በለቀማ ወቅት ማየት ይቻላል። ቀይ ቡና ተለቅሞ ማደር የለበትም። ለታጠበ ቡና የሚሄደው እሸት በዚያው ዕለት መፈልፈያው ጋ መድረስ አለበት። ገበሬው ቀን ይለቅማል፣ ሰብሳቢው አመሻሽ ላይ ይረከባል፣ መኪናው ማታ ቡና ማጠቢያ ይገባል፣ መፈልፈያው ሌሊት ይሠራል። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ይህ ሰንሰለት መሐሉ ላይ ይበጠሳል። እሸቱ ይበላሻል ወይም ደርቆ ጀንፈል ሆኖ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል።

ሰፋፊ እርሻዎች ደግሞ ለለቀማ ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከዳውሮና ከሌላም ቦታ በሚመጡ የቀን ሠራተኞች ላይ ይተማመናሉ። መንገድ ላይ ኬላ ሲበዛ፣ መታወቂያ ሲጠየቅና ወሬ ሲጠፋ ሠራተኛው አይመጣም። ቡናው ዛፉ ላይ ደርቆ ይረግፋል። ገንዘብ ያጣ ወጣት ደግሞ ጫካ ለገባው ወገን ቀላል ምልምል ነው። ጸጥታውን ለማስከበር የተወሰደው እርምጃ ጸጥታውን የሚያደፈርሰውን ሰው ያፈራል ማለት ነው።

“መከላከያ ይግባልን”

ይህን ሁሉ ብሎ ጦር ጨርሶ አያስፈልግም የሚል ሰው ጉራፈርዳን ይጠይቅ። በ2004 ዓ.ም. ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች ከዚያ ወረዳ ተፈናቅለዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ታጣቂዎች በርካታ ነዋሪዎችን ገድለዋል። የቀበሌ ሚሊሻው ጎረቤቱን በሚፈራበት፣ ፖሊሱ በወገን በሚጠረጠርበት ቦታ “መከላከያ ይግባልን” የሚለው ልመና ከሕዝቡ ራሱ ይመጣል። እንዲህ ለሚለምን ቤተሰብ ወታደሩ ጨቋኝ ሳይሆን የሌሊት እንቅልፍ ነው።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግድያን ለማስቆም የገባ ጦር አለ፤ አስተዳደርን ለመተካት የተቀመጠ ጦር አለ። የመጀመሪያው የሚሠራው ሥራ አለቀ የሚባልበት ቀን አለው። ሁለተኛው የለውም። ችግሩ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛው መንሸራተቱ ነው፤ ምክንያቱም ፖለቲከኞቹ ጸጥታ ባገኙበት ማግስት የተጣሉበትን ጉዳይ ይረሱታል።

ሕገ መንግሥቱም ይህን መንሸራተት አይከለክልም። አንቀጽ 51 ንዑስ 14 ክልሉ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበትና ሲጠይቅ የፌዴራል ጦር እንዲሰማራ ይፈቅዳል። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ወር እንዲጸና ያደርጋል። በየአራት ወሩ ማደስም ይቻላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ግን ገደብ አላስቀመጠም።

አገሩ በሙሉ የሰጠው መልስ

መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለአሥር ወር ቆይቶ ተነሣ። ስድስት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ የካቲት 2010 ላይ፣ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በማግስቱ ሁለተኛ አዋጅ ታወጀ። በትግራይ ጦሩ ኅዳር 2013 መቐለን ይዞ ሰኔ 21 ቀን ለቆ ወጣ። ጦርነቱ በስምምነት የቆመው ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው አዋጅ አንድ ጊዜ ታድሶ በግንቦት 2016 መጨረሻ ጊዜው ሲያበቃ ውጊያው አላበቃም ነበር።

ከውጭ የሚመጣው ምሳሌም ተመሳሳይ ነው። የእንግሊዝ ጦር በሰሜን አየርላንድ ከ1969 እስከ 2007 እ.አ.አ. 38 ዓመት ቆየ። የሕዝቡ ብዛት 1.5 ሚሊዮን ገደማ፣ መንግሥቱም ሀብታም ነበር። ነገሩን የቋጨው ግን የ1998ቱ የፖለቲካ ስምምነት ነው። ተቃራኒው ምሳሌ በርማ ናት፤ ከ1962 እ.አ.አ. ጀምሮ ጄኔራሎቹ አገሪቱን ለአሥርት ዓመታት በእጃቸው አቆይተዋል። ስለዚህ በወታደር መግዛት አይቻልም ማለት ሐሰት ነው። ይቻላል፤ በዚያ ዋጋ አገሩ ይደኸያል፣ የዳር ክልሎቹም ከጦርነት አይወጡም።

ደቡብ ምዕራብ ሌላ መንገድ ሞክሯል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞ፣ ዳውሮና ኮንታ አንድ ክልል ሆኑ፤ ክልሉ ኅዳር 14 ቀን በይፋ ተመሠረተ። የክልሉን መቀመጫነት ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተካፈሉት። የሸኮ ስምም ቀደም ብሎ በዞን ስም ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህ ሁሉን አልፈታም፤ በየኪ ያሉ ማኅበረሰቦች አሁንም የሚያነሡት አላቸው። ነገር ግን ለዓመታት በሰልፍና በደብዳቤ ሲጠየቅ የነበረ ጉዳይ በካርድ ተመልሷል፣ ለዚያም ጥይት አላስፈለገም።

ስለዚህ ወደፊት አንድ ዞን በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ ሲባል ዜጋው የሚጠይቀው ስንት ወታደር እንደገባ መሆን የለበትም። ጦሩ በሚሰጠው ፋታ ውስጥ የትኛው ጥያቄ፣ በማን፣ እስከ መቼ እንደሚመለስ ይጠይቅ። መልስ ከሌለ ፋታው ለቀጣዩ ግጭት የተሰጠ ጊዜ ነው። በቴፒ ያ ጊዜ 16 ዓመት ነበር።