የጭስ ማውጫዎቹ መንደር

ደብተርና እርሳስ ይዛችኋል? መልካም። ዛሬ ስለ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር እንነጋገራለን። የምንጠራቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአውሮፓ ዴንማርክ የምትባል አገር አለች። ቦርንሆልም ከደሴቶቿ አንዷ ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። ቦርንሆልም በባልቲክ ባሕር ውስጥ፣ በስዊድንና በፖላንድ መካከል ትገኛለች። ስፋቷ 588 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጠረፏ ጉድየም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤቶቿ ከዳገቱ አንሥቶ እስከ ወደቡ ድረስ ቁልቁል ተደርድረዋል። ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ አይሞሉም።

የጉድየም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት በባሕሩ ነበር። ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በመረብ ያጠምዳሉ። ዓሣ ደግሞ እንደምታውቁት ቶሎ ይበላሻል። ዋናው ከተማ ኮፐንሃገን ያለው ከባሕር ማዶ ነው። ታዲያ ዓሣው ሳይበላሽ እንዴት ይቆይ?

እኛ ሥጋን ቋንጣ አድርገን እንደምናቆየው፣ እነሱም ዓሣውን በጭስ ያቆዩታል። በ1886 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓሣ ማጨሻ ቤት በጉድየም ተሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ዓሣው ይጸዳል። በዘንግ ተሰክቶ ይንጠለጠላል። ከሥሩ አልደር የሚባል ዛፍ እንጨት ይነዳል። እሳቱ እንዲጨስ እንጂ እንዲንበለበል አይፈለግም። ሙቀቱ ዓሣውን ያደርቀዋል፤ ጭሱም እንዳይበሰብስ ይከላከልለታል። ከሰዓታት በኋላ ወርቅ መስሎ ይወጣል። ሰፋፊዎቹ ነጫጭ የጭስ ማውጫዎች ዛሬም ከሩቅ ይታያሉ።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። የደሴቲቱ አጥማጆች ኮድ የሚባል ትልቅ ዓሣም ነበራቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ልብ ይጠመድ ነበር። በኋላ ግን ተመናመነ። ምን ነካው?

አንደኛ፣ ከመጠን በላይ ተጠመደ። ሁለተኛ፣ ከየማሳው በዝናብ የታጠበ ማዳበሪያ ባሕር ገባ። ማዳበሪያው ደቃቅ የውሃ ዕፅዋትን አበዛ። እነሱም ሞተው ከታች ሲበሰብሱ በጥልቁ ውሃ ያለውን ኦክሲጅን ጨረሱት። ሦስተኛ፣ የኮድ ዕንቁላል የሚንሳፈፈው ጨው በበዛበት ውሃ ላይ ነው። የባልቲክ የላይኛው ውሃ ግን ጨው ያንሰዋል። ስለዚህ ዕንቁላሉ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። እዚያ ኦክሲጅን ከሌለ ታፍኖ ይሞታል።

በ2019 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት በምሥራቅ ባልቲክ ኮድ ማጥመድን ከለከለ። አጥማጆች ሥራቸውን ተዉ። ከማጨሻ ቤቶቹም የቀሩት ጥቂት ናቸው። ዛሬ መንደሯ የምትተዳደረው በአብዛኛው በሙቀት ወራት በሚመጣ እንግዳ ነው።

ባሕር ሰፊ ነው፤ ቢሆንም ያልቃል። በማሳ ላይ የተሠራውም ባሕር ድረስ ይሄዳል።

በሉ እንግዲህ እነዚህን ቃላት ጻፉ፤ ደሴት፣ መረብ፣ ጭስ፣ ማዳበሪያ። ጥያቄም አለን። ማዳበሪያው የተበተነው መሬት ላይ ነው፤ ታዲያ ዓሣው ለምን ሞተ? መልሱን በራሳችሁ ቃል ጻፉት። ደኅና ሁኑ።