ማራኪ ላይ የተከፈተ ላፕቶፕ አድራሻውን ከየት ያገኛል?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንድ ቦታ አይደሉም። ማራኪ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ፋሲልና የሕክምና ኮሌጁ በከተማው ተበታትነዋል። እንዲህ ባለ ተቋም ማራኪ ላይ ላፕቶፑን ለከፈተ ተማሪ የአይፒ አድራሻ የሚሰጠው ሰርቨር፣ ዲኤችሲፒ የሚባለው፣ ሌላ ግቢ ሊቀመጥ ይችላል። ላፕቶፑ ግን ገና የራሱ አድራሻ የለው፣ ሰርቨሩ የት እንዳለ የነገረው የለ። ታዲያ እንዴት ይገናኛሉ?

መጀመሪያ ላፕቶፑ ይጮኻል። «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ይለቃል። በላኪው ቦታ 0.0.0.0 ይጽፋል፤ ሌላ የሚጽፈው የለውማ። ሰርቨሩ እዚያው ካለ ሰምቶ ይመልሳል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ ግን ጩኸቱ ከኔትወርኩ ድንበር አያልፍም። ራውተርም ሆነ ቪላኖችን (ስዊች ላይ የተከፋፈሉ ኔትወርኮችን) የሚያገናኝ ስዊች ለሁሉም የተላከን መልእክት እዚያው ያስቀረዋል። ደግሞም ማስቀረት አለበት፤ የየግቢው ጩኸት ሁሉ በየግቢው ቢሰማ ኔትወርኩ ይታፈናል። በነገሥታቱ ዘመን ጎንደር አደባባይ ላይ የተነገረ አዋጅም ጠዳ የሚደርሰው ሰው ይዞት ሲሄድ ነበር። ስዊቹን የዚያን ሰው ሥራ እንዲሠራ ማዘዝ ነው ዲኤችሲፒ ሪሌይ የሚባለው።

ትእዛዙ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሰርቨሩ 10.1.1.10፣ የተማሪዎቹ ቪላን ኢንተርፌስ ደግሞ 10.20.0.1 ነው እንበል። በሲስኮ ስዊች ላይ ወደዚያ ቪላን ኢንተርፌስ ይገባና «አይፒ ሄልፐር-አድረስ 10.1.1.10» ተብሎ ይጻፋል። ጩኸቱ የሚሰማው በተማሪዎቹ በኩል ስለሆነ ትእዛዙም እዚያው መሆን አለበት፤ በሰርቨሩ በኩል ባለው ኢንተርፌስ ላይ ቢጻፍ ለእነሱ ምንም አይፈይድም።

አሁን ስዊቹ ጥያቄውን ሲሰማ ለሰርቨሩ ብቻ አድርጎ ይልከዋል። ከመላኩ በፊት ግን መልእክቱ ውስጥ ለዚሁ የተተወ ባዶ ቦታ አለና የራሱን አድራሻ፣ 10.20.0.1ን፣ ይሞላበታል። ለእኔ የዚህ አሠራር ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ሰርቨሩ ጠያቂው ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ የሚለየው በዚህች ቁጥር ነው፤ በእሷ አይቶ ለማራኪ ከተመደበው የአድራሻ ክልል (ስኮፕ) አንድ አድራሻ፣ ለምሳሌ 10.20.0.57ን፣ ያነሣና መልሱን ወደ 10.20.0.1 ይልካል። ስዊቹም ለላፕቶፑ ያደርስለታል። በዚህ መንገድ አንድ ሰርቨር ግቢዎቹን ሁሉ ያስተናግዳል። ያንን ባዶ ቦታ በመልእክቱ ውስጥ ያስቀመጡት ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የዲኤችሲፒ ቀዳሚ የሆነውን ቡትፒን ሲያወጡ። ራልፍ ድሮምስ የጻፈው የ1997ቱ የዲኤችሲፒ ደንብም እንዳለ ወርሶታል።

ላፕቶፑ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ መላሽ አጥቶ ለራሱ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነው። ያኔ ሁለት ነገር ይታይ፦ ሰርቨሩ ላይ ለ10.20.0.0 የተከፈተ ስኮፕ አለ ወይ? ከሌለ ጥያቄው ቢደርሰውም ዝም ይላል። ከሰርቨሩ ወደ 10.20.0.1 ፒንግ ሲደረግስ ይመልሳል? የመመለሻ መንገዱን ካላወቀ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሳይታይ የሚከርም ሌላ ችግር አለ። አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ ሲጋመስ ላፕቶፑ እንዲታደስለት በቀጥታ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ አሁን አድራሻ ስላለው ስዊቹ እንዲያደርስለት አይፈልግም። በሰርቨሩ ፊት ያለ ፋየርዎል የስዊቹን አድራሻ ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ይህ ጥያቄ ይወድቃል፤ ላፕቶፑም ጊዜው ሊያልቅ ሲል እንደገና ይጮኽና በስዊቹ በኩል ይታደስለታል፣ ተማሪውም ምንም አይሰማውም። ፋየርዎሉ ላይ ከስዊቹ ጋር የተማሪዎቹ ኔትወርክ በሙሉ በዩዲፒ 67 ወደ ሰርቨሩ እንዲያልፍ ይፈቀድ።